የወደቡ ሰዓት አምስት ደቂቃ

ደሴታችን ላይ ሰው የሚሞተው በእርጅና ነው፤ እስኪሞት ድረስ የሚያሠቃየው ግን ይሉኝታ ነው። እግሩን የረገጠውን ሰው «ይቅርታ፣ እግሬን መንገድዎ ላይ አስቀምጬ» የሚል ሕዝብ ነን። እኔ ሞሪዮ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ፣ ከጀልባ መሳፈሪያው ፊት ለፊት ደረቅ ዓሣ የምሸጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ የሩቅ ሰው ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ያው ነኝ።

ከሱቄ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል፣ በመንገደኞች ማረፊያ ቤት መስታወት አሻግሮ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ያ ሰዓት ለሠላሳ ዓመት ያህል አምስት ደቂቃ ሲቀድም ኖሯል። ይህን የማያውቅ የደሴታችን ሰው የለም። ልጆቻችን መደመር ሳይማሩ ከዚያ ሰዓት ላይ አምስት መቀነስ ይማራሉ። ሰው ወደ ጀልባው ሲሮጥ ካያችሁ እንግዳ ነው ማለት ነው፤ እኛማ ሰዓቱን አይተን፣ አምስቷን ቀንሰን፣ ሻያችንን ጨርሰን ነው የምንነሣው። ሁሉም የሚቀንስ ከሆነ መቅደሙ ምን ጠቀመ ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል፤ ጮክ ብለን ግን አላልንም።

ምክንያቱ ጹኔኮ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ የቲኬት መስኮቱ ላይ የሠራች ሴት ናት። በዚያ ዘመን ካፒቴኑ ገመዱን ፈትቶ ወደ መስኮቷ ያያል፤ የቀረ ሰው ካለ እጇን አንሥታ ልታስቆመው ትችል ነበር። ደንቡ ግን ሰዓት ከሞላ ለማንም አይቆምም ይላል። ጹኔኮ ደንብ አክባሪ ስለነበረች ለማንም አንሥታ አታውቅም።

አንድ ብርዳም ማለዳ፣ ያላት አንድ ልጇ ሺጌኪ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሊፈተን ማዶ ወዳለው ከተማ መሻገር ነበረበት። ቁልቁለቱን እየሮጠ ሲወርድ ጀልባው ገመዱን ፈትቶ ነበር። ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ አየ። እኛም አየን። ጹኔኮ ልጇን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ቲኬቶቿ መለሰች። እጇ አልተነሣም። «ለልጇ አደላች» እንዳትባል ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ልጁ መሳፈሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ። በዚያው ቀን በሚቀጥለው ጀልባ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ ናጎያ የሚባል ሩቅ ከተማ ገባ ሲባል ሰማን። አባቱ ሲሞት እንኳ ለቀብር አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት የማረፊያው ቤት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሞ ተገኘ። ማን እንዳስቀደመው የጠየቀ የለም። ከእንግዲህ የማንም እናት ልጅ እንዳይቀር ብላ ያደረገችው መሆኑ ለሁላችን ገባን። ሰዓቱን ማስተካከል ቁስሏን መንካት ስለመሰለን አምስቷን እየቀነስን ዝም ብለን ኖርን። ሺጌኪ ይህን አያውቅም፤ ማን ይነግረዋል?

ጹኔኮ ጡረታ ወጣች፤ የቲኬት መስኮቱም ተዘጋ፤ አሁን ቲኬት የሚቆረጠው ጀልባው ላይ ነው። ሰዓቱ ግን መቅደሙን አልተወም። ዘንድሮ የባሕሩ ጨው ሆዱን በልቶት ጭራሽ ቆመ።

የመንደራችን ማኅበር ሰብሳቢነት በተራ ይዞራል፤ ዘንድሮ ተራው የሃሩዬ ነበር። ሃሩዬ ጥሩ ሴት ናት። ጥፋቷ ጠማማ ነገር ማየት አለመውደዷ ነው፤ ሰው ቤት ገብታ የተንጋደደ ሥዕል ካየች እጇ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከተማ ተሻግራ አዲስ የግድግዳ ሰዓት ገዝታ መጣች። ተራ ሰዓት አይደለም፤ በሬዲዮ ሞገድ ራሱን የሚያስተካክል ነው። ሥራ የፈታን ሁላችንም ልናይ ማረፊያው ቤት ተሰበሰብን። ጹኔኮም መጥታ በር አጠገብ ቆመች።

«ኪዩሹ ደሴት፣ ተራራ ላይ የቆመ ማማ አለ፤ ሰዓቱን በአየር ይልክለታል» አለች ሃሩዬ መመሪያውን ይዛ። «እኛ እጃችንን አናስገባም።»

ቶኩማጹ፣ ጀልባውን ሸጦ አግዳሚ ወንበሬ ላይ የከተመ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ አንገቱን አሰገገ። «ሬዲዮ ነው አልሽኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ ቶኩማጹ።»

«ዘፈን ያሰማል?»

«አያሰማም።»

«ዜናስ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ ምኑ ሬዲዮ ሆነ?»

ሃሩዬ እየሳቀች ባትሪውን ከተተች። የሰዓቱ ቆጣሪዎች ማንም ሳይነካቸው ሽው ብለው ዞረው አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ቶኩማጹ «ገና ሥራ ሳይጀምር ደከመው» አለ።

«ምልክት እየፈለገ ነው፤ አትንኩት ይላል» አለች።

ጠበቅን። አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። መመሪያው ከብረትና ከኤሌክትሪክ ዕቃ አርቁት ይላል፤ የእኛ ማረፊያ ቤት ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎረቤቱ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም የመጠጥ መሸጫ ማሽን ነው። ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ እንቢ አለ። ወንበር ላይ አስደገፈችው፤ አሁንም እንቢ። በመጨረሻ ደረቷ ላይ አቅፋው ወጣችና መሳፈሪያው ላይ ወደ ምዕራብ ዞራ ቆመች። ሕፃን ፀሐይ የምታሞቅ አራስ መሰለች። እኛም ተከትለናት ወጥተን ከበብናት።

ቀዩዋ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ቆጣሪዎቹ ተነሡ፤ እየተሽከረከሩ ሰዓታቱን አልፈው አልፈው አንድ ቦታ ሲደርሱ ዝግ አሉ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፤ ሰው ሳይነካው የሚታረም ነገር በዕድሜዬ አላየሁም ነበር።

ሃሩዬ ፊቷ በርቶ ሰዓቱን ልክ ቦታው ላይ ሰቀለችው። በዚያች ሰዓት ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ አውጥቶ ለመናገር ግን ቶኩማጹን የመሰለ አፈ ልቅ ያስፈልጋል።

«አምስቷ ደቂቃስ?» አለ።

ሁሉም ወደ ጹኔኮ ላለማየት ይጠነቀቃል፤ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ከማየት ይብሳል። የሃሩዬ ፊት ቀላ። አዲሱ ሰዓት ትክክለኛ ነው ብትል፣ እስከዛሬ ያየነው ውሸት ነበር ማለቷ ነው፤ ውሸቱ የማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«እሷማ እንደ ድሮው ናት» አለች ሃሩዬ። «አስቀድሜዋለሁ።»

ጹኔኮ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «ደከምሽ፣ አመሰግናለሁ» አለቻት። ሁላችንም ተነፈስን። ሰዓቱ መቅደም አለመቅደሙን በሌላ ሰዓት ያመሳከረ አልነበረም፤ ማመሳከር ሃሩዬን አለማመን ይሆናላ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሃሩዬ ውሸታም ሴት አይደለችም። ሰው ሲበተን ተመልሳ፣ ከሰዓቱ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ ተጭና አምስት ደቂቃ አስቀደመችው፤ ቃሏን እውነት አደረገችና ተረጋግታ ተኛች። ጠዋት መጥታ ብታየው ሰዓቱ ትክክል ሆኖ አገኘችው። ለካ የኪዩሹ ምልክት ሌሊት ስለሚበረታ፣ ቤት ውስጥም ሆኖ እየሰማው ራሱን ያርማል። እንደገና አስቀደመችው፤ እንደገና ታረመ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሃሩዬ ሰዓት ተረቱን ሌሊት ሌሊት በተግባር ያሳያት ጀመር።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው፣ የመጀመሪያው ጀልባ ሳይነሣ፣ በርጩማና መወልወያ ጨርቅ ይዛ መምጣት ልማዷ ሆነ። እየወለወለች ቁልፏን ትጫናለች። እኛ ምን አውቀን? ቶኩማጹ «ይቺ ሴትዮ ሰዓቱን እንደ ቤተ መቅደስ ሐውልት ታጥበው ጀመር፤ ነገ ዕጣን ታጨስለታለች» እያለ ያሾፍባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች። በኋላ እንደነገረችኝ ከሆነ ግን ሁለት ሦስቴ የመንደሩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ልትናገር ሞክራለች። «ለደሴታችን ነዋሪዎች፣ የማረፊያው ቤት ሰዓት» ልትል አፏን ትከፍትና፣ ጹኔኮ ቤቷ ሆና ስትሰማት ይታያታል። «ነገ የባሕር ዳር ጽዳት ስላለ ጓንት ይዛችሁ እንድትወጡ» ብላ ትዘጋዋለች። ያኔ ባሕር ዳራችን እንደጸዳ ጸድቶ አያውቅም።

በዚህ መሀል ለጹኔኮ ወሬ መጣላት። የሟች ባሏ ወንድም ሺጌኪን አግኝቶት ኖሯል። ሺጌኪ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት ለሥራ ሲያልፍ፣ ማዶ ወደብ ላይ ኡዶን የሚባለው የፓስታ ሾርባ በሚሸጥበት ምግብ ቤት፣ በሁለት ባቡሮች መካከል ጥቂት ይቆያል። መልእክቱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «መምጣት ከፈለገች ትምጣ፣ እዚያ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ካልመጣች መልሷን አውቄያለሁ፤ ሁለተኛ አላስቸግራትም።» ስልክ ቁጥሩን እንኳ ለአጎቱ አልሰጠም። ጹኔኮ ይህን ለእኔ ስትነግረኝ እጇ የዓሣ መሸጫ ጠረጴዛዬን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። ሊያደርሳት የሚችለው የጠዋቱ ጀልባ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ የሚነሣው የልጁ ባቡር ከሄደ በኋላ ነው።

በዚያን ዕለት ጠዋት ሃሩዬ እንደ ልማዷ በርጩማዋን ይዛ ስትመጣ፣ ጹኔኮ ማረፊያው ቤት ውስጥ ቀድማት ተቀምጣለች። ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ሰማያዊ የባህል ቀሚስ፣ ኪሞኖዋን፣ ለብሳለች። ከሰዓቱ ሥር ነው የተቀመጠችው። ሃሩዬ በሩ ላይ ቀጥ አለች። በርጩማው ላይ ወጥታ የዚያችን ሴት አምስት ደቂቃ በዚያች ሴት አናት ላይ ሆና ልትነካካ ነው? ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እንደ ድሮው ናት» ያለችውስ? ሃፍረት አንደበቷን ያዘው። «መልካም መንገድ ልልዎት ብዬ ነው የመጣሁት፣ እትዬ ጹኔኮ» አለች፤ በርጩማውን ከኋላዋ ደብቃ። እንዲህ በማለዳ የመጣች ሴት ጀልባ አያመልጣትም ብላ ራሷን አጽናንታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጹኔኮ ግን እዚያ አልቆየችም፤ ወደ እኔ ተሻግራ መጣች። ሺጌኪ ልጅ ሳለ ይወዳቸው የነበሩትን በፀሐይ የደረቁ ትንንሽ ዓሦች ፈልጋ ነው። ጥሩ ጥሩዎቹን እየመረጥኩ ጠቀለልኩላት፤ የገብስ ሻይም ቀዳሁላት። ቶኩማጹ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ሺጌኪ የልጅነት ተንኮል ያወራል፤ እሷም ትስቃለች። ጀልባው መጥቶ ቆሟል፤ ሰው ይሳፈራል። ጹኔኮ ድሮም ሁሉም ሰው መግባቱን ሳታይ ከቦታዋ የምትነሣ ሴት አይደለችም። ቀና ብላ በመስታወቱ አሻግራ ሰዓቱን አየች። እኔም አየሁ።

«ገና አምስት ደቂቃ አለን» አለች።

«አዎ፣ አለሽ» አልኳት።

የጀልባው ጡሩንባ ጮኸ። ሦስታችንም እኩል ዞርን። ገመዱ ተፈትቷል፤ በመሳፈሪያውና በጀልባው መካከል ውሃው መስፋት ጀምሯል። ጹኔኮ ጥቅሏን ይዛ በእርጅና እግሯ ሮጠች፤ እኛም ተከተልናት። መሳፈሪያው ጫፍ ስትደርስ ጀልባው ከጥቂት ክንድ በላይ አልራቀም ነበር። ቶኩማጹ ሊጮህ እጁን አነሣ። ጹኔኮ ክንዱን ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

«ተዉ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ምን ነካሽ? ልጅሽ እኮ ነው የሚጠብቅሽ። ይቆምልናል።»

«አይሆንም። ሰዓት ሞልቷል።»

ካፒቴኑ አይቶናል። ሞተሩን ቀዝቀዝ አድርጎ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ፤ የሚጠብቀው ምልክት ብቻ ነበር። ጹኔኮ እጇን አላነሣችም። ጥቅሏን በሁለት እጇ እንደያዘች ጎንበስ አለችለት፤ ሂድ፣ ላቆየሁህ ይቅርታ ማለቷ ነው። ለልጇ ያላነሣችውን እጅ ለራሷ ልታነሣ አልቻለችም። ጀልባው ሄደ።

ሃሩዬ ጡሩንባውን ሰምታ ቁልቁለቱን እየሮጠች ደረሰች። ጹኔኮን መሳፈሪያው ላይ ስታያት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሰዓቱ ነው» አለች እያለከለከች። «እትዬ ጹኔኮ፣ ሰዓቱ አይቀድምም። እኔ አውቅ ነበር። በየጠዋቱ እኔ ነኝ የማስቀድመው፤ ዛሬ እርስዎን አይቼ አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።»

ጹኔኮ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት። «የአንቺ ሰዓት ትክክል ነው። እኔ ነኝ ሰውን የማይገባ ነገር ያስለመድኩ። ላስደነገጥኩሽ ይቅር በይኝ።»

ሃሩዬ ደግሞ ከእሷ በታች ጎነበሰች። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትጎነበሳለች። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ደሜ ፈላ።

«እናንተ እዚህ ይቅርታ ስትቀባበሉ ልጁ ባቡር ላይ ይወጣል» አልኩ። «ያ የኡዶን ቤት ዓሣ የሚገዛው ከእኔ ነው፤ ስልኩ አለኝ። ነይ ሃሩዬ፣ ያቆሸሽሽውን አንቺው አጽጂው።»

ሌላ መላ አልነበረም። ጀልባ ያለው ሁሉ መረቡን ይዞ ባሕር ላይ ነው። ሱቄ ገባን። ጆሮዬ ስለደከመ ስልኬ እንዲጮህ አድርጌዋለሁ፤ የሚነገረው ሁሉ ውጭ ድረስ ይሰማል። የጡሩንባውን ነገር ሰምተው የመጡ ጎረቤቶችም ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሃሩዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው ስልኩን የያዘችው። የኡዶን ቤቷ ሴትዮ «ከባሕሩ ፊት የተቀመጠውን ሰውዬ» ጠራችልን።

«ሺጌኪ፣ እኔ ሃሩዬ ነኝ፤ የላይኛው ሰፈር ሃሩዬ። ታስታውሰኛለህ?»

«አዎ፣ እትዬ።» ድምፁ ጎልማሳ ሆኗል።

«እናትህ ጀልባው አመለጣት።»

ሰውዬው ሳቅ የሚመስል ነገር አሰማ። «እትዬ ሃሩዬ፣ እናቴን ጀልባ አያመልጣትም። ጀልባ የሚያመልጠው እኔን ነው።»

«እውነቴን ነው የምልህ።»

«አይቸገሩ። መምጣቱ ከብዷት ከሆነ ይገባኛል። ግን እርስዎን ለምን በመሀል ታስገባዎታለች? አልመጣም ማለት ይበቃ ነበር።»

ሃሩዬ ወደ ጹኔኮ ዞረች። ጹኔኮ ጀርባዋን ሰጥታን በሩ ላይ ቆማ ወደ ባሕሩ ታያለች፤ ጥቅሉን አሁንም እንደያዘች ነው። ያኔ ሃሩዬ ስልኩን ይዛ የሱቄ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች። ሰውዬው አያያት ነገር፤ እሷ ግን ግንባሯ መሬት ሊነካ እስኪል ጎነበሰች።

«ስማኝ ልጄ፤ ዋሽቻለሁ» አለች። «የማረፊያው ቤት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀድም ነበር።»

«ቀድሞ አያውቅም። እኔ እዚያ ነው ያደግሁት።»

«አንተ ሳለህማ አይቀድምም ነበር። አንተ በሄድህ ማግስት እናትህ አስቀደመችው። ይኸው እስከ ዘንድሮ ድረስ። እኔ ራሱን የሚያርም ሰዓት ገዝቼ ሰቀልኩ፤ እሷ ፊት ይህን መናገር አፍሬ፣ እንደ ድሮው ነው አልኩ። ዛሬም ላስቀድመው መጥቼ አፈርኩ። እሷ አምስት ደቂቃ አለኝ ብላ እዚህ ተቀምጣ ዓሣ ስትገዛልህ ነበር። ሰማያዊውን ኪሞኖ ለብሳለች። ከማለዳ ጀምሮ ነው የመጣችው። የቀረችው በእኔ ሃፍረት ነው እንጂ ጠልታህ አይደለም።»

ከወዲያ በኩል የሳህን ኳኳታ ብቻ ይሰማል።

«ጀልባው ሲነሣ የት ነበረች?» አለ ሺጌኪ በመጨረሻ።

ሃሩዬ አላየችም ነበር። ቶኩማጹ ከበሩ ሆኖ ጮክ ብሎ መለሰለት። «መሳፈሪያው ላይ ነበረች። ካፒቴኑ ሊቆምላት ነበር። እኔ ላስቆም እጄን ሳነሣ ይዛ አወረደችው። ለራሷም አታነሣም፣ ልጄ፤ ሂድ አለችው።»

ቶኩማጹ የማይገባ ነገር የተናገረ መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ያሻሽ ጀመር።

«ለእሷ ይስጧት» አለ ሺጌኪ።

ጹኔኮ መጣች። ጥቅሉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሠላሳ ዓመት ምን እንደሚል ሲዘጋጅ የኖረ ሰው ያዘጋጀው ሁሉ ይጠፋዋል መሰለኝ።

«ሺጌ» አለች፤ «ቁርስ በልተሃል?»

የመለሰላትን አልሰማንም፤ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ ነበር። እሷ ግን ሰማች። «እሺ» አለች። ቆይታ «እሺ» አለች። «ሰው አለ እዚህ፣ አላለቅስም» አለች። ስልኩን መልሳ ስትሰጠኝ እንደ ደንቧ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። ደጃፍ ላይ የቆሙት ሁሉ ባሕሩን እንደሚያዩ ሆኑ።

«ምን አለሽ?» አልኳት። የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠይቅ ስለጠፋ።

«ባቡሩ ይሂድ አለኝ።» በረጅሙ ተነፈሰች። «ቀጣዩ ጀልባ ሲመጣ ነይ፣ ከዚህ አልነሣም፤ ባቡሬን አሳልፈዋለሁ አለኝ።»

ሃሩዬ ወለሉ ላይ እንዳለች «እግዜር ይስጠው» አለች።

ጹኔኮ የዓሣውን ጥቅል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እሱ ለእኔ ባቡር ለቀቀ» አለች ከእጆቿ ውስጥ። «እኔ አንዲት ጀልባ አላስቆምኩለትም።»

ሃሩዬ ከወለሉ አልተነሣችም። እኔም የዓሣውን ጥቅል ለቀጣዩ ጀልባ አጥብቄ አሰርኩት።